የተቆላ ዘር

በስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ በምትገኘው በጥድ አምባ፣ የዘር ገብስ ነገር ሲነሣ የይርጋ ስም አብሮ ይነሣ ነበር። ይርጋ ከጎረቤቶቹ የሰፋ መሬት አልነበረውም፤ በሬዎቹም ከሌላው ሰው በሬ የሚበልጡ አልነበሩም። የሚበልጠው በጥንቃቄው ነው። መከር በደረሰ ጊዜ ማሳውን አስቀድሞ እየዞረ ዛላው የከበደውን፣ አገዳው የጠነከረውን፣ ዋግ ያልነካውን ገብስ ለብቻው ያጭዳል፣ ለብቻው ይወቃል፣ ለብቻው ወደ ቤት ያስገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የሚስቱ የየትናየት ነው። እርሷ ገብሱን አበጥራና ለቅማ በጓዳ ባለው ትንሽ ጎታ ትከተዋለች፤ አፉንም በጭቃና በእበት ትመርገዋለች። ያ ምርግ የዘር ቀን እስኪደርስ አይነካም። እንግዳ ቢበዛ፣ የሰኔ ረኃብ ቢጠና፣ የዘሩ ጎታ አይከፈትም። የሚከፈተው በዘር ጧት፣ በየትናየት እጅ ብቻ ነው። ይርጋ ቤቱን የሚያዝ አባወራ ቢሆንም ያን ጎታ በራሱ እጅ ከፍቶ አያውቅም፤ አባቱም ከፍተው አያውቁም ነበር።

ዘሩ የአንድ ቤት ዘር አልነበረም። ዘሩን ነቀዝ የጨረሰበት ወይም ችግር ያስበላው ጎረቤት በግንቦት መጨረሻ አንድ እንቅብ ባቄላ ወይም ስንዴ ይዞ ይመጣል፤ እንቅብ በእንቅብ ለውጦ ይመለሳል። እንቅብ የሚሞላ ያጣም ባዶ እጁን አይሄድም፤ በአረም ጊዜ ጉልበቱን ይሰጣል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ዓመት ሳትዘል የምትመጣው ባሏ የሞተባት ተሾመች ነበረች። ያላት ቀይ አፈር የተጋደመባት አንዲት ቁራሽ ማሳ ናት፤ ከምታገኘው ላይ ለልጆቿ አፍ እንጂ ለዘር የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ማሳዋ በይርጋ በሬዎች ይታረሳል፣ በይርጋ ዘር ይዘራል፤ እርሷም ከነልጆቿ የይርጋን ማሳ ታርማለች። ይህ ሥርዓት ባሏ ከሞተ ጀምሮ የቆየ በመሆኑ ማንም እንደ ውለታ አይቆጥረውም።

ይርጋ ሞኝ አልነበረም። ፍርሃት ሞኞችን ብቻ መርጦ የሚይዝ የሚመስለው ሰው ካለ ፍርሃትን አያውቀውም። ዳዊት የደገመ፣ በየዓመቱ በደብረ ዘይት እሑድ የዳግም ምጽአቱ ወንጌል ሲነበብ በጥሞና ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። በልጅነቱ ስለ ጦርነትና ስለ ረኃብ የሚነበበው ቃል ስለ ሩቅ አገር የተነገረ ይመስለው ነበር። ያለፉት ዓመታት ግን ቃሉን ወደ ደጁ አመጡበት። አስቀድሞ በሽታ መጣና ሰው የወዳጁን እጅ መጨበጥ ፈራ። ቀጥሎ ጦርነት መጣ፤ እርሱ አለፈ ሲባል ሌላ መጣ። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ጨውና ማዳበሪያ ጠፋ፤ የቀበሌው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ፍየሎች አደሩበት። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የወረደው የበኩር ልጁም ድምፁን ካጠፋ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ይርጋ ስለ ልጁ አያወራም ነበር። ስለ ምልክቶቹ ግን ማውራት ጀመረ።

በዚህ መካከል ነው፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ በወገዳ ገበያ አንድ ባሕታዊ የታዩት። ስማቸውን የጠየቀ አልነበረም፤ በወገባቸው ከታጠቁት ብረት የተነሣ ሕዝቡ «አባ ሰንሰለት» አላቸው። ትምህርታቸው አጭርና ግልጽ ነበር። በሰኔ ሚካኤል ዕለት ፀሐይ ትጨልማለች፤ ጨለማው ሦስት ቀን ይቆያል፤ በእነዚያ ቀናት እሳት ያነደደ ቤት በዚያው እሳት ይጠፋል። ከጨለማው በኋላ ከምሥራቅ ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል፤ አገሪቱንም በሰላም ይገዛል። ሐሳዊ መሲሕ የሚመጣው ከእርሱ ዘመን በኋላ ነው፤ ፍጻሜውም ከዚያ ወዲያ ነው። መዳን የሚሻ ሁሉ ከገደሉ በላይ ወዳለው ገዳም ይውጣ፤ እሳት የማይጠይቅ ስንቅ፣ ይኸውም በሶ፣ ይያዝ። ዘንድሮ የሚዘራ ገበሬ የዘራውን አያጭድም፤ መዝራቱም በራሱ አለማመኑን ይመሰክርበታል።

ይርጋን የገዛው ጨለማው አልነበረም፤ ንጉሡ ነው። ንጉሡ ሲነሣ ጦርነቱ ይቆማል፤ ጦርነቱ ሲቆም መንገዱ ይከፈታል፤ መንገዱ ሲከፈት ልጁ በእግሩ ይመጣል። ይህን ሐሳብ ለማንም አልተናገረም፤ ለየትናየትም ቢሆን። ከገበያ ሲመለስ በልቡ የቆረጠው አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ገዳሙ ሊወጣ። ለበሶ የሚሆን ገብስ ግን ያስፈልገዋል፤ በግንቦት ወር የሚበላ ገብስ የተረፈው ቤት በጥድ አምባ ጥቂት ነው። በእርሱም ቤት ከዘሩ በቀር ገብስ አልነበረም።

ነገሩን ለየትናየት ሲያነሣባት ከእጇ ያለውን ሥራ ሳታቆም አዳመጠችው።

«ያን ጎታ እኔ የምከፍተው ለዘር ነው» አለችና ጥጃዋን ልታስር ወጣች።

በዚያ ሰሞን ታናሽ ወንድሙ ስማቸው ከንፋስ መውጫ መጣ። ስማቸው በዚያች ከተማ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው። ሃይማኖቱን ለውጦ ጴንጤ ከሆነ ወዲህ ከወንድሙ ጋር ብዙ አይገናኙም ነበር፤ ነገር ግን በመካነ ኢየሱስ ከተማ የተዳረችው፣ ሀይማኖት የምትባለው የይርጋ ልጅ ልትወልድ መቃረቧን ሰምቶ የሕፃን ልብስና ብርድ ልብስ ይዞ፣ የትናየትንም ወደ ልጇ ሊያደርስ መምጣቱ ነው። የመጣበት ዕለት በግንቦት ሚካኤል ዋዜማ ነበር። በማግስቱ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ በይርጋ ቤት ስለሚጠጣ ስማቸው ከጠላው ባይቀምስም፣ ከጸሎቱ ባይቆምም፣ ከወንድሙ ቤት ወጥቶ የትም ሊሄድ አልቻለም፤ በበሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አባ ሰንሰለትም በክብር እንግድነት ተጠርተው መጡ። የደብሩ ቄስና የመጻሕፍት መምህር መሪጌታ ጥበቡ ደግሞ የማኅበሩ አባል ናቸው። ስለ መጨረሻው ዘመን ሦስት ዓይነት እምነት ያላቸው ሦስት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኙት እንዲህ ነው።

አባ ሰንሰለት በገበያ ያስተማሩትን ደገሙ። ማኅበርተኛው አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከዚያ በኋላ አንዱ ወጣት ለነገር ብሎ የይርጋን ወንድም ስማቸውን፣ የእናንተ ሰዎችስ ስለዚህ ምን ይላሉ ብሎ ጠየቀው። ስማቸው ሳይደብቅ ተናገረ። እንደ እርሱ አባባል ጌታ ከመከራው ዘመን አስቀድሞ የራሱን ሰዎች ከምድር ይነጥቃል፤ ሰባቱ የመከራ ዓመታት ለቀሩት ናቸው፤ ከዚያም ክርስቶስ ወርዶ በምድር ላይ ሺህ ዓመት ይነግሣል። ላመነ ሰው በሶም ገዳምም አያስፈልገውም። ይህን የሚያስረዳ፣ ዘመናቱ በመስመር የተሰመሩበት ሥዕል በስልኩ ላይ አሳያቸው፤ ስልኩም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«መቼ ነው የምትነጠቁት?» አለ ይርጋ።

«ቀኑ አይታወቅም፤ ዛሬ ማታም ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ትናንት የሱቄን ጣሪያ ለክረምቱ በአዲስ ቆርቆሮ አስመታሁ አላልከኝም?»

«ዝናቡ ቢቀድምስ አያ?» አለ ስማቸው።

ቤቱ ሳቀ። አባ ሰንሰለት አልሳቁም። መሪጌታ ጥበቡ ፈገግ ካሉ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው መናገር ጀመሩ። በመጀመሪያ ለስማቸው፣ አባቶች ሺሁን ዓመት በጣት የሚቆጠር ዘመን አድርገው እንዳልተረጎሙት፣ ጌታ ከተሰቀለባት ዕለት አንሥቶ ዳግመኛ እስኪመጣ ድረስ ያለው የቤተ ክርስቲያን ዘመን እንደሆነ፣ ምጽአቱም አንድ ጊዜ ለሁሉ በግልጽ የሚሆን እንጂ ተከፍሎ የማይመጣ መሆኑን አስረዱት። ስማቸው ሊመልስ ሲል እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ወደ ባሕታዊው ዞሩ።

«አባቴ፣ ሰኔ ሚካኤል የሚለውን ከየት አገኙት?»

«መሪጌታ፣ እርስዎ ተምረው ያውቃሉ» አሉ አባ ሰንሰለት፤ «እኔ ግን ተልኬ ነው።»

«እንግዲያስ የላከዎት ለመላእክቱ የሰወረውን ለእርስዎ ገልጦታል ማለት ነው።»

ከማኅበርተኛው መካከል ጉምጉምታ ተነሣ። በአባ ሰንሰለት ላይ ሳይሆን በመሪጌታው ላይ ነበር። ትምህርት የበዛበት ሰው ልቡ ይቀዘቅዛል ያለ ነበር፤ በብረት የታሰረን ገላ አይቶ እንዲህ መናገር አይገባም ያለም ነበር። መሪጌታ ጉምጉምታውን ከሰሙ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ይርጋ ዞሩ።

«የዘሩን ጎታ ልትከፍት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«አዎን፣ መሪጌታ።»

«ያ ዘር የስንት ቤት ዘር ነው?»

«ከጨለማው በኋላ ዘር የሚጠይቀኝ የለም» አለ ይርጋ።

መሪጌታ ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ነገር ግን ዙሪያውን አዩና ተዉት። ጽዋው ሲያበቃ መቋሚያቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ወጡ። ዝምታቸውን ትሕትና ብለው ሊጠሩት ይችሉ ይሆናል። ትክክለኛ ስሙ ግን ድካም ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው በራሱ መንደር በአንድ ገበያ ትምህርት ሲሸነፍ የሚይዘው ድካም። ሊናገር የሚገባው ሰው በደከመው ጊዜ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው።

በማግስቱ ጧት የትናየት ነጠላዋን ተከናንባ ከስማቸው ጋር ለመሄድ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። አራሷን አይታ እስክትመለስ ድረስ ጎታው እንደ ተመረገ እንዲቆይ ለይርጋ ነገረችው። ይርጋ እሺም እንቢም አላላትም። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የእርሱ ዝምታ እሺታ ሆኖ ስለኖረ የትናየት እሺታውን ይዛ ሄደች።

እርሷ ከሄደች በኋላ ይርጋ ጥቂት ቀን በጎታው ዙሪያ ሲመላለስ ሰነበተ። የግንቦት ወር ሊያልቅ ሲል በመጥረቢያ ጀርባ ምርጉን አፈረሰው። ገብሱ እንደ ተከተተ ነበር፤ ነጭ፣ ከባድ፣ አንድም ነቀዝ ያልነካው። ይርጋ እጁን እስከ ክርኑ አግብቶ አወጣውና ቅዝቃዜው ክንዱ ላይ ሲቀር ተሰማው። ከዚያም እህል የምትቆላለት ሴት ፍለጋ ወጣ። ጎረቤቱ ታደለች ገና ነገሩን ሳይጨርስ መለሰችለት፤ ሌላ ሴት የመረገችውን ጎታ ያፈረሰው እርሱ ስለሆነ ኃጢአቱን ለብቻው እንዲሸከም፣ እርሷ እጇን እንደማታገባበት ነገረችው። ሌሎቹም ሰበብ አላጡም። አንዷ ወገቧን አማት፤ አንዷ ማገዶ የላትም።

በጥድ አምባ ወንድ ልጅ እህል ሲቆላ ታይቶ አይታወቅም። ይርጋ ግን በሩን ዘግቶ እሳት አነደደ፤ ምጣዱን ጣደ፤ ገብሱን አፈሰሰበት። የመጀመሪያው ከሰለ። ሁለተኛው ከሥር ሲያር ከላይ ጥሬ ነበር። ጢሱ በሣሩ ጣሪያ አልፎ ወጣና ተሾመች ቤቱ የተቃጠለ መስሏት እየሮጠች ደረሰች። በሩን ገፍታ ስትገባ ይርጋ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ፣ ግንባሩ ጥላሸት ለብሶ፣ በምጣዱ ፊት ተቀምጧል።

«አያ ይርጋ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«በሶ።»

ሴትዮዋ ወደ ጓዳው አየች። የፈረሰውን ምርግ፣ የተከፈተውን የጎታ አፍ አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከምጣዱ ዳር የወደቀች አንዲት ፍሬ አነሣችና በመዳፏ ላይ አገላበጠቻት።

«የዘሩ ነው?»

«ዘንድሮ ዘር የለም። አባን አልሰማሽም?»

ምጣዱ ላይ ያለው ገብስ እየተንጣጣ በአንድ ወገን ማረር ጀመረ።

«እያቃጠልከው እኮ ነው» አለችና መቁያውን ከእጁ ወስዳ በቦታው ተቀመጠች።

እስኪመሽ ድረስ ቆላች። እጇ ስለለመደ ገብሱ እንደ ወርቅ እኩል እየበሰለ ወጣ፤ ይርጋ ከጎታው እየቀዳ አቀበላት። ሲጨርሱ ልጆቿን ይዛ ወደ ገዳሙ እንድትወጣና ከበሶውም እንደሚያካፍላት ነገራት። ተሾመች ልጆች ይዛ ያንን ገደል እንደማትወጣ ተናግራ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች። ይርጋ በልቡ ሴትዮዋ አምናለች አለ፤ ባታምንማ ኖሮ በገዛ እጇ ባልቆላችው ነበር።

ገብሱን አስሸክሽኮና አስፈጭቶ አቁማዳውን ሞላ፤ በሬዎቹንና ወይፈኑን ለታደለች ባል አደራ ሰጠ፤ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማም ወደ ገዳሙ ወጣ። በዚያ ከልዩ ልዩ ቀበሌ የመጣ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። የሚካኤል ዕለት ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጣች፤ ሰማዩም አንድ ደመና አልነበረበትም። ሕዝቡ ጨለማው በቀትር ይሆናል አለ፤ ቀትር አለፈ፤ በሠርክ ይሆናል አለ። በማግስቱ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረና ሕዝቡ ባንድ ድምፅ እግዚኦታ ጀመረ። የመጣው ግን ዝናብ ነበር፤ ጥሩ፣ ረጅም፣ አፈሩን እስከ ጥልቁ የሚያርስ የሰኔ ዝናብ። አባ ሰንሰለት በሕዝቡ ጸሎት የተነሣ እግዚአብሔር ምሕረት አድርጎ ጊዜውን ወደ መስከረም እንዳዛወረው ተናገሩ። ብዙዎች እልል አሉ። አንድ ገበሬ እስከዚያው ማሳችንን እናርስ ወይ ብሎ ቢጠይቃቸው ስለ እርሻ የሚያስብ ሰው ልቡ ገና ከታች ነው ብለው መለሱለት።

ይርጋ ወደ ታች አየ። ከገደሉ አፋፍ ላይ የጥድ አምባ ማሳዎች አንድ በአንድ ይለያሉ። ሁሉም በእርፍ ተገልብጠው ጠቁረዋል፤ በሬ የሚነዱ ሰዎች ድምፅ ከነፋሱ ጋር ይመጣል። እርፍ ያልነካቸው ሁለት ማሳዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው የእርሱ ነው፤ ሁለተኛዋ፣ ከዳገቱ ግርጌ ያለችው ቀይ ቁራሽ፣ የተሾመች ናት። ይርጋ የራሱን ማሳ እንደዚያ ሆኖ እንደሚያየው ሳይወጣም ያውቅ ነበር። የተሾመችን ግን አላሰበውም። ብዙ ሰዓት ቆሞ እርሷን ብቻ አየ። ሲነጋ አቁማዳውን ተሸክሞ ወረደ። በመንገድ ያገኙት ወጣቶች በሬዎቻቸውን አቁመው በትሕትና እጅ ነሡትና «አያ ይርጋ፣ ንጉሡ ደኅና ናቸው?» አሉት። አልፏቸው ሄደ።

የትናየት ተመልሳ ነበር። የልጅ ልጁ ወንድ መሆኑን፣ እናቱም ደኅና መሆኗን ነገረችው። ስለ ጎታው አልተናገረችም፤ አፉን ክፍት አድርጋ፣ የፈረሰውን ምርግ እንኳ ሳትጠርግ ትታዋለች። እራት ከበሉ በኋላ እርሱ ራሱ አነሣው። የእነርሱ ማሳ እርጥበት የሚይዝ ዋልካ አፈር በመሆኑ በመስከረም ጓያ እንደሚዘሩበትና ዓመቱን እንደምንም እንደሚያልፉት ተናገረ።

«እኛስ እናልፈዋለን» አለች የትናየት። «ቀይ አፈር ጓያ አያበቅልም። ተሾመች ምን ልትዘራ ነው?»

«በገዛ እጇ ነው የቆላችው። አይሆንም አላለችኝም።»

«ምን ትበልህ? ዘሩ ያንተ፣ በሬው ያንተ፣ ማሳዋን የምታርስላት አንተ። አይሆንም ብላህ ለከርሞ በማን ልታሳርስ?»

ይርጋ በሶውን ተሸክሞ ገደል ሲወጣ ተሾመች የባሕታዊውን ቃል አምና የቆላችው መስሎት ነበር። አሁን መዳፏ ላይ ያገላበጠቻት ፍሬ ታየችው። ያን ዕለት ተሾመች በገዛ እጇ የቆላችው የልጆቿን የከርሞ እንጀራ እንደ ነበረ፣ ይህንንም እያወቀች እንዳደረገችው፣ እርሱም እየቀዳ ሲያቀብላት እንደ ዋለ ገባው። ስለ ፍጻሜ ዘመን ያሰበውን ያህል ስለዚህች ሴት አስቦ አያውቅም ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ይስታል፤ የዓለምን መጨረሻ ሲጠብቅ የጎረቤቱን መጨረሻ ያፋጥናል።

በማግስቱ በየቤቱ እየዞረ ዘር ጠየቀ። ያለው ሁሉ ዘርቶ ጨርሷል። ከይርጋ ለመለወጥ ያሰቡትም በጊዜ ወደ ሌላ ሄደው ነበር፤ ማንም በክፉ አልተናገረውም፤ የተረፈው ግን አልነበረም። ለሽማግሌው በሬ ምትክ ይሆን ዘንድ የሚያሳድገውን ወይፈን ከአደራ ቤት አውጥቶ በገመድ ጠልፎ ወደ ንፋስ መውጫ ነዳው።

ስማቸው ወንድሙን ከነወይፈኑ ሱቁ ደጃፍ ሲያየው ብዙ አልጠየቀም። ውኃ አቀረበለት፤ ጫማውን አስወለቀው። ከላይ ጋይንት ደጋ ገብስ የሚያመጣ ደንበኛ ስለነበረው ሰውዬውን አስጠራ። ወይፈኑ በዘር ገብስ ተለወጠ። ገብሱ ከጥቁር ጋር የተቀላቀለ፣ ይርጋ ቀድሞ ቢሆን ለዘር ቀርቶ ለብቅል የማይመርጠው ነበር። ስማቸው ጆንያውን ወደ ወገዳ በሚሄድ መኪና ላይ ሲያስጭን ትንሽ ነካ ሊያደርገው ፈለገ።

«አባ ሰንሰለት ተሳሳቱ አይደል?»

«ያንተዎቹስ?»

«የእኛዎቹ ቀን አልቆረጡም።»

«እነርሱስ ብልሆች ናቸው» አለ ይርጋ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከአባታቸው ቀብር ወዲህ አብረው ሲስቁ ይህ የመጀመሪያ ነበር። ይሁን እንጂ ስማቸው የሥዕሉን መስመሮች አልተወም፤ ይርጋም እንዲተው አልጠየቀውም።

ሐምሌ ከገባ በኋላ፣ ሌላው ሰው አረም ሲጀምር፣ ይርጋ በሬዎቹን ጠምዶ መጀመሪያ ወደ ዳገቱ ግርጌ ወረደ። ተሾመች ከነልጆቿ ጓል ለመስበር መጣች። ስለ ጎታው ከሁለቱ አንዱም አላነሣም። ይርጋ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ሲያዘጋጅ ከርሞ ነበር፤ ማሳው ላይ ሲደርስ ግን ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ከሥራው ያነሰ መስሎ ስለታየው ቀንበሩን አስተካክሎ ማረስ ጀመረ።

ቀትር ላይ መሪጌታ ጥበቡ ከደብሩ ሲመለሱ በማሳው ዳር አለፉ። ይርጋን ሲያዩ ቆሙ። እርሱም በሬዎቹን አቁሞ መጥቶ መስቀላቸውን ተሳለመ። መሪጌታ ያን ዕለት በማኅበሩ ያልጨረሱትን አሁን ሊጨርሱ አስበው ስለ ዕለቲቱ መሰወር ተናገሩ። ይርጋ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው፤ ሲያበቁም አንድ ነገር ጠየቃቸው።

«እንግዲያው ንጉሡ አይመጣም ማለት ነው መሪጌታ?»

«በመጽሐፍ አላገኘሁትም።»

ይርጋ ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ መሪጌታ አዩ። የሰውዬው ጥያቄ ስለ ንጉሥ እንዳልሆነ፣ ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ፣ ሊቁ ያን ጊዜ ተረዱ። ብዙ ትርጓሜ ያውቁ ነበር፤ አንዱንም አልተናገሩም። ቀረብ ብለው በዝግታ ጠየቁት።

«የልጅህ ክርስትና ስሙ ማነው?»

«ወልደ ሰንበት።»

«ነገ በቅዳሴ አነሣዋለሁ፤ ከነገ ወዲያም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይርጋ ፊቱን በጋቢው ጠርጎ ተመለሰ። ገብሱን ከጆንያው በእንቅብ ቀድቶ መዝራት ያዘ። ዘሩ የተሾመችን ማሳ ሸፍኖ ለእርሱ የሚተርፈው አንድ ጥማድ እንኳ የማይሞላ ነበር። ተሾመች ከኋላው እየተከተለች ጓሉን ስትሰብር ቆየችና ቀና አለች።

«አሁን ደግሞ በመስከረም ነው ይላሉ። እውነት ይሆን አያ ይርጋ?»

ይርጋ የያዘውን እፍኝ በትኖ ጨረሰ።

«አላውቅም» አለ። «ዘግይተን ስለዘራን አረም ይበረታበታል። ነሐሴ ሳይገባ እኔና የትናየት መጥተን እናርምልሻለን።»